ተራ በጉድጓድ፣ ተራ በመንገድ

ነገሌ ቦረና የገባነው በገበያ ቀን ነው። ከአዶላ የሚመጣው መንገድና በፊልቱ በኩል ወደ ዶሎ የሚወርደው መንገድ እዚህ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሁሉም እዚህ ይመጣል። ኢሱዙው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ ግመሉ፣ ከብቱ፣ ጀሪካን የጫነው አህያ፤ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ነው።

ከመናኸሪያው ወጥተን ለመሻገር ቆምን። ብንቆም፣ ብንቆም የሚያሳልፈን ጠፋ። ባጃጁ በግራም በቀኝም ይሾልካል። ተሳፋሪ ሲያይ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ከኋላው ያለው ሹፌር ጡሩምባ ይነፋል። ሌላውም ይነፋል። እግረኛውም ከጥፋት አልዳነም። ወሬውን ይዞ መሐል ለመሐል ይሄዳል።

በዚህ ጊዜ አንድ አህያ ከጡሩምባው ደንብሮ መንገድ ውስጥ ገባ። የምትነዳው ልጅ ተከትላው ሮጠች። አንድ የጭነት መኪና ይመጣ ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ጎማው ጮኸ። መኪናው ልጅቷ ዘንድ ሊደርስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ጀሪካኖቹ ወድቀው ውሃው ፈሰሰ። ልጅቷ ለውሃው አለቀሰች። እኛ ግን ጉልበታችን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር።

«አባባ፣ እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ የኛ ሰው እኮ ተራ መጠበቅ ያውቃል። ጉድጓድ ላይ ሄዳችሁ እዩት» አሉን።

ሄደን አየነው። በአሬሮ በኩል ወደ ያቤሎ፣ ከዚያም ወደ ዱብሉቅ ተጓዝን። በዱብሉቅ ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ከብቱ ተጠምቷል። ሆኖም ማንም ማንንም አይቀድምም። ተራ የሚያስከብር ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ተራ ባይኖር ከብቱ ይረጋገጣል፤ ሰውም ይጣላል።

መንገድም እንደ ጉድጓድ የጋራ ነው። የመንገድ አባ ሄሬጋ ሕጉ ነው። በአገራችን ድሮ መኪና የሚነዳው በግራ ነበር። በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተለወጠ። ኬንያ ግን እስከ ዛሬ በግራ ነው። ስለዚህ ሞያሌ ላይ ድንበር የሚሻገር ሹፌር ወገን ይለውጣል። ባይለውጥ ከሚመጣው መኪና ጋር ይላተማል።

መኪና እንደ በሬ «ቁም» ሲሉት ወዲያው አይቆምም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ይህን ያህል ይሄዳል። ከዚያ በኋላም ገና ይንሸራተታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በእግር ስንሄድ ግራችንን እንያዝ። ያን ጊዜ የሚመጣብንን መኪና ፊት ለፊት እናየዋለን። ከብት ስናሻግር አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይሁን። ልጅ ብቻውን አይነዳ። ሹፌሩም ከብትና ልጅ ሲያይ ጡሩምባ ከመንፋቱ በፊት ፍጥነቱን ይቀንስ።

በመንገድ ዳር ባለ ስምንት ማዕዘን ቀይ ምልክት ይተከላል። በላዩ ላይ ሁለት ፊደል አለ፤ «ቁም» ይላል። ትናንት ሥዕል ይመስለን ነበር። ዛሬ እናነበዋለን። ገና ማንበብ ላልቻሉት ልጆቻችን እኛ እናንብብላቸው።