መጥኚው

ሞጁላር ሲንተሳይዘር መሰብሰብ ስጀምር ያጠራቀምኩትን ገንዘብ በሙሉ ድምፅ በሚያወጡት ሞጁሎች ላይ አዋልኩት። ሁለት ኦሲሌተር፣ አንድ ፊልተር፣ አንድ ማሚቶ የሚሠራ ሞጁል። ሳጥኑ ሞላ፣ መብራቶቹ በሩ፣ እኔም ለወራት ማታ ማታ ከፊቱ ተቀመጥኩ። የሚወጣው ነገር ግን ሙዚቃ አልሆን አለኝ። ወይ ይጮኻል፣ ወይ ዝም ይላል። በመሃል ያለው፣ ዘፋኝ በጉሮሮዋ የምታደርገው ያ ትንሽ ነገር፣ ከየትም ሊመጣልኝ አልቻለም።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሞጁላር ማለት አንድ ሙሉ ሲንተሳይዘር ተፈታትቶ እያንዳንዱ ክፍሉ ለብቻው ሲቆም ነው። ኦሲሌተሩ ድምፅ ያመነጫል፣ ፊልተሩ ያጣራል፣ ሌላው ከፍና ዝቅ ያደርጋል። የምናገናኛቸው በኬብል ነው፤ በኬብሉ የሚሄደው ደግሞ ቮልቴጅ ብቻ ነው። ቮልቴጁ ስፒከር ጋ ሲደርስ ድምፅ ይሆናል። ወደ ሌላ ሞጁል መቆጣጠሪያ ሲገባ ግን ትእዛዝ ነው፦ ውጣ፣ ውረድ፣ ክፈት፣ ዝጋ። ይህን የሚያዝዘውን ቮልቴጅ ኮንትሮል ቮልቴጅ፣ ባጭሩ ሲቪ እንለዋለን።

ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ቡና ሊጠጡ መጥተው ሳጥኑን አዩት። ስለ ሙዚቃው አልጠየቁኝም። «ይኼ ሽቦ ስንት ቮልት ነው የሚሄድበት?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ቤታቸው ሄደው መልቲሜትራቸውን ይዘው ተመለሱ። ቀስ ብሎ የሚወዛወዘው ሞጁል፣ ኤልኤፍኦ የምንለው፣ መውጫ ላይ ሲያስነኩት ቁጥሩ 5 ድረስ ወጣ፣ ወደ ዜሮ ወረደ፣ ከዜሮ በታች አልፎ −5 ደረሰ፣ ተመልሶ መውጣት ጀመረ። ትንሽ ተመለከቱትና «ይኼን ሁሉ ነው እንዴ የምትልኪበት? መጥኚው እንጂ» አሉ።

ማታውን ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። በአብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ልማድ 1 ቮልት ማለት 1 ኦክታቭ ነው። በኦክታቭ ውስጥ 12 ግማሽ ድምፆች ስላሉ አንዱ ግማሽ ድምፅ 83 ሚሊቮልት ያህል ይሆናል። የእኔ ኤልኤፍኦ ከ−5 እስከ +5 ሲሄድ 10 ቮልት፣ ማለትም 10 ኦክታቭ ነው። የሰው ጆሮ ከታች ከ20 ኸርዝ እስከ ላይ 20,000 ኸርዝ የሚሰማውም 10 ኦክታቭ ገደማ ነው። እንግዲህ እኔ ለአንዲት ለስላሳ የድምፅ ርግብግብታ ብዬ መላውን የሰው መስሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየጠረግኩ ነበር። ድምፁ የአምቡላንስ ጩኸት ቢመስል ምን ይገርማል! የፈለግኩትን ርግብግብታ አሰላሁት። ከግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛውን ወደ ላይ፣ ያንኑ ያህል ወደ ታች ብንል 17 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ይህም ከ5 ቮልቱ 300ኛው እጅ ነው። 299ኙን እጅ የሚያስቀር ነገር ነው የጎደለኝ።

ያ ነገር አቴንዌተር ይባላል። ኬብል ይገባበታል፣ ኬብል ይወጣበታል፣ መሃል ላይ አንድ ኖብ አለ፣ አለቀ። ድምፅ የለውም፣ ብዙ ጊዜ መብራትም የለው። በዚህ ዓለም እንደሱ ያሉት ሁሉ በጅምላ «መገልገያ» ተብለው ይጠራሉ፤ ስሙ በጣም ይበድላቸዋል ብዬ አምናለሁ። ቪዲዮዎቹ ኦሲሌተሩን ያሳያሉ፣ ሱቆቹ ኦሲሌተሩን ከፊት ይደረድራሉ፣ እነዚህ ግን የኋላ ገጽ ላይ ናቸው። ሰውም እንደ እኔ መጀመሪያ ድምፁን ይገዛና ድምፁን የሚመጥነውን ሳይገዛ ይቀራል። ሽሮውን በብዛት አስፈጭቶ ምጥኑን እንደመርሳት ነው።

ከአቴንዌተር ቀጥሎ የተማርኩት አቴኑቨርተርን ነው። ኖቡ መሃል ላይ ሲሆን ምንም አያሳልፍም፤ ወደ ቀኝ ሲዞር እየጨመረ ያሳልፋል፣ ወደ ግራ ሲዞር ግን ቮልቴጁን ገልብጦ ያሳልፋል። የሚወጣው ይወርዳል፣ የሚወርደው ይወጣል። ይህ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። አንድ ኢንቨሎፕ፣ ማለትም ኖታ ሲመታ ወጥቶ የሚወርድ ቮልቴጅ፣ ወስዳችሁ ቀጥተኛውን ለፊልተሩ፣ የተገለበጠውን ለማሚቶው ስጡት። ኖታው ሲመታ ፊልተሩ ይከፈታል፣ ማሚቶው ደግሞ ገለል ይላል፤ ኖታው ሲሞት ማሚቶው ተመልሶ ቦታውን ይሞላል። አንድ ምልክት ነው፣ ሁለት ፊት ያለው። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ስሰማ ከወንበሬ ተነስቼ ቆምኩ።

ኦፍሴት ደግሞ መነሻውን የሚያንቀሳቅስ ነው። ድምፅን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ቪሲኤ በተለምዶ ከ0 እስከ 5 ቮልት ይጠብቃል፤ ከዜሮ በታች የሚመጣለት ሁሉ ለእሱ ዝምታ ነው። ስለዚህ ከ−5 እስከ +5 የሚሄደውን ኤልኤፍኦ እንዳለ ብንሰጠው ግማሹን ጊዜ ተዘግቶ ይቆያል። በግማሽ ቀንሱት፣ ከ−2.5 እስከ +2.5 ይሆናል፤ 2.5 ቮልት ጨምሩበት፣ ከ0 እስከ 5 ሆነ። መቀነስና መደመር ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ለመደመሪያ የድምፅ ሚክሰር ብትጠቀሙ ላይሠራላችሁ ይችላል። ብዙዎቹ በመግቢያቸው ኮንደንሰር ስላላቸው ቀርፋፋውንና የቆመውን ቮልቴጅ ያግዱታል። የሲቪ ሚክሰር የሚባለው እንዲህ ያለ ኮንደንሰር በመንገዱ የለውም።

ጋሼ ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም፤ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። በዚያ ሁሉ ሰሌዳ ጀርባ ያለችው ትንሿ ቺፕ፣ ኦፕ-አምፕ፣ ስሟን ያገኘችው የሒሳብ ስሌት ስለምትሠራ ነው። ጥንት፣ ገና ቺፕ ሳትሆን፣ አናሎግ ኮምፒውተር ላይ ስትደምር፣ ስትቀንስ፣ ስትገለብጥ ነበር። ሙዚቃ ውስጥ የገባችው ያንኑ ሥራዋን ይዛ ነው።

ታሪኩን ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ እነዚህ ሞጁሎች ኋላ የተጨመሩ አለመሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሞርተን ሱቦትኒክና ራሞን ሴንደር በቴፕ ሙዚቃ ማዕከላቸው ዶን ቡክላን አዲስ መሣሪያ እንዲሠራላቸው ጠየቁት፤ በዚያው ዘመን በአገሪቱ ሌላ ጫፍ፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ ሮበርት ሙግ የራሱን እየሠራ ነበር። ቡክላ 200 በሚባለው ተከታታይ ሥራው ውስጥ 257 የተባለ አንድ ሞጁል አለ፤ ሥራው ሲቪዎችን መደመር፣ መመጠን፣ መገልበጥ ነው። ከዚያ በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰርጅ ቸረፕኒን መጣ። የእሱን ሐሳብ እወደዋለሁ። አንድ ሰርኪዩት ሠራ፤ ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፦ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድ። በቃ። ግን ቀስቅሱት፣ ኢንቨሎፕ ነው። ራሱን በራሱ እንዲቀሰቅስ አድርጉት፣ ኤልኤፍኦ ነው፤ ሲፈጥን ኦሲሌተር ይሆናል። ሌላ ቮልቴጅ አሳልፉበት፣ ዝላዩን ወደ ዳገትና ቁልቁለት የሚለውጥ ነው። መሣሪያው ምን እንደሆነ የሚወስነው ኬብሉን የሰካው ሰው ነው። ዛሬ በብዙ ሰው ሳጥን ውስጥ የሚገኘው የሜክ ኖይዝ ኩባንያ «ማትስ» የተባለ ሞጁል ከዚህ ከሰርጅም ከቡክላም የተወረሰ ነው። ስሙም ሒሳብ ማለት ነው።

ስለ ማካፈልም ልናገር፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አባክኖብኛልና። አንድን የኖታ ቮልቴጅ ለሦስት ኦሲሌተር ለማካፈል ርካሽ መከፋፈያ ገዛሁ። ከጀርባው ሽቦ ለሽቦ መገናኘት እንጂ ምንም የለውም። ለብቻው የተቃኘው ኦሲሌተር ሁለቱን ስጨምር ይወርዳል፤ እንደገና እቃኛለሁ፣ ሌላ ኦክታቭ ላይ ይበላሻል። ጋሼን ጠራኋቸው። «ጭነት በዝቶበታል» አሉ፣ ገና ሳይቀመጡ። ላኪው ሞጁል 1,000 ኦም መቋቋሚያ በመውጫው ካለው፣ ተቀባዮቹም 100,000 ኦም ከሆኑ፣ አንዱ ብቻ ሲሰካ 3 ቮልት የነበረው 2.97 ሆኖ ይደርሳል። ሦስቱ ሲሰኩ 2.91 ይሆናል። ልዩነቱ 0.06 ቮልት እንኳ አይሞላም፤ ጆሮ ላይ ግን ከግማሽ ድምፅ ሁለት ሦስተኛው ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ መውጫ የራሱ ኦፕ-አምፕ ያለው መከፋፈያ ነው። ለከበሮና ለኤልኤፍኦ ርካሹ ይበቃል። ለኖታ ግን አትሞክሩት።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ኳንታይዘር የመጣለትን ቮልቴጅ በአቅራቢያው ወዳለው ኖታ የሚያስጠጋ ነው። የትኞቹን ኖታዎች እንደሚፈቅድ እኛ እንነግረዋለን። እኔ ለሜጀር ትዝታ አምስቱን አስገባሁለት፦ 0፣ 167፣ 333፣ 583 እና 750 ሚሊቮልት። የክራር ተጫዋች በጆሮው የሚቃኘው ከእነዚህ እኩል ደረጃዎች ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ይህን እያወቅኩ ነው ያስገባሁት። ያንን ያበደ ኤልኤፍኦ በአቴንዌተር ወደ 1 ቮልት ተኩል አወረድኩትና ወደ ኳንታይዘሩ ላክሁት። ትዝታ ወጣ። ወጣ፣ ወረደ፣ ግን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እግሩን ቁጭ ቁጭ ያደርጋል። ከኳንታይዘሩ ቀጥሎ የቮልቴጁን ዝላይ የሚያዘገየውን ስሉ ሊሚተር አስገባሁ፤ ወደ ላይ ሲሄድ ፈጣን፣ ወደ ታች ሲመለስ ብቻ ትንሽ እንዲንሸራተት አደረግሁት። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ሲወርድ የሚያደርገውን አስቤ ነው። ማሲንቆ አልሆነም፣ መሆንም የለበትም። ግን ድምፁ ለሰለሰ።

ለምቱ የአንድ ሰዓት ቆጣሪ ሞጁል ምት ወሰድኩና በ2 እና በ3 አካፈልኩት። ከ6 ምት ውስጥ በ2 የተካፈለው 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ ላይ ይመታል፤ በ3 የተካፈለው 1ኛና 4ኛ ላይ። ሁለቱን «ወይም» በሚለው የሎጂክ ሞጁል ሳጣምራቸው 1፣ 3፣ 4፣ 5 ላይ ይመታሉ። «እና» በሚለው ውስጥ ሲያልፉ 1ኛው ላይ ብቻ ይገናኛሉ፤ ለትልቁ ከበሮ ሰጠሁት። ችክችካ እየሰማ ላደገ ጆሮ ይህ የስድስት ምት ዙር እንግዳ አይደለም። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ነው የያዘው።

ባለፈው እሑድ ጋሼን አስቀምጬ አሰማኋቸው። ከኤልኤፍኦው 300ኛ እጅ የምትሆነዋ ርግብግብታም አለችበት፤ ሁለት አቴንዌተር በተከታታይ አድርጌ ነው ያገኘኋት፣ በአንድ ኖብ ያን ያህል መቀነስ ስለማይመች። ዝም ብለው ሰሙ። ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ሳጥኑ ጠጋ አሉና «የትኛው ነው የሚመጥነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው ይዘው በጣም ጥቂት፣ ዓይን የማያየውን ያህል፣ ወደ ግራ መለሱት። ድምፁ ረጋ አለ።

«እዚህ ጋ ተይው» አሉ።

ኖቡ አጠገብ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።