በቅሎዋ ብትጥል ካሣው የማን ነው?

ፈረንጅ አገር በረዶ ላይ ሲንሸራተት እግሩን የሰበረ ሰው ከሐኪም ቀጥሎ የሚያማክረው ጠበቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮሎራዶ ግዛት ለዚሁ ጉዳይ በ1979 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታለች፤ ከስፖርቱ ጋር አብሮ የሚመጣውን አደጋ ተንሸራታቹ ራሱ ይሸከማል፣ ቦታውን የሚያስተዳድረው ደግሞ የራሱ ግዴታዎች አሉበት። እኛ የመካነ ብርሃን ልጆች የበረዶ መንሸራተቻ የለንም። ያለን ገደል፣ በቅሎና እንግዳ ነው።

እስኪ እንጠይቅ፤ ወደ ራስ ደጀን የሚወጣ እንግዳ ከበቅሎ ቢወድቅ ማን ይክፈል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መልስ አለው። በቁጥር 2071 መሠረት እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ጉዳቱን ባይገምተውም እንኳ። እንስሳውን ለራሱ ጥቅም በእጁ ያደረገ ሰውም በእጁ ሳለ ለሚደርሰው ይጠየቃል። ስለዚህ ክርክሩ "ልጓሙ በማን እጅ ነበር?" ወደሚለው ይዞራል። ባለቤቱ የራሱ ጥፋት ከሌለበት ደግሞ እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው መገላገል ይችላል። ወረቀት ላይ ሲነበብ ጥሩ መውጫ ይመስላል። እኛ ዘንድ ግን በቅሎ እህል ወፍጮ ቤት ታደርሳለች፣ በሽተኛ ጤና ጣቢያ ትወስዳለች። እሷን ማስረከብ የቤቱን ምሰሶ መንቀል ነው።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። የወደቀው በቅሎ ሳቢው ቢሆንስ? እንግዳው የጉዞ ኢንሹራንስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አንድ ጎረቤታችን ግን ጓዝ ጭኖ ሲወርድ እግሩ ተሰበረ፤ ያገኘው እንግዶቹ ያዋጡለትን ጉርሻ ብቻ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪውን ያለጥፋቱም ኃላፊ ያደርገዋል። ታዲያ በቃል ለአራት ቀን የተቀጠረ ሰው አሠሪው ማነው? አስጎብኚው? ጉዞውን የሸጠው ድርጅት? ወይስ እንግዳው? ጎረቤታችን ይህን ሲያጠያይቅ ጊዜው ነጎደ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቂያው ይርጋ ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

እኛ የምንለው ቀላል ነው። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ውል ይጻፍ፦ አሠሪው ማን እንደሆነ፣ ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም፣ በቅሎ ገደል ብትገባ ዋጋዋን ማን እንደሚተካ። እናንተም ከአዲስ አበባ የምትመጡ ወዳጆቻችን፣ ደባርቅ ላይ በቀን ኪራይ ስትከራከሩ ይህንንም አንሱ። ባለበቅሎው ሥራው እንዳያመልጠው ፈርቶ አይጠይቃችሁም።