ባትሪውን ማን ይበላዋል?

መቼም ባለ አሮጌ መኪና ሁሉ የሚያውቃት አንዲት የጠዋት ድምፅ አለች፤ ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚልባት። በአባቴ ኤን ፒ አር አይሱዙ ላይ ይህቺ ድምፅ ሰኞ ሰኞ ትመጣ ጀመር። ቅዳሜ ማታ ደህና የገባ መኪና ሰኞ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሞቶ ይገኛል። እስኪገፋ፣ ከጎረቤት ባትሪ እስኪለመን ድረስ ጭነቱ ለሌላ ይሰጣል። ቤታችን ደግሞ የሚተዳደረው በዚሁ መኪና ነው።

አባቴ ሁለቱን ባትሪዎች ከቀየረ ገና ሰባት ወሩ ነበር። ስለዚህ ጥፋተኛ ፈለገ፤ ጋቢና ውስጥ የሚያድረውን ረዳት አገኘ። «ሌሊቱን ሙሉ ቴፕ እየከፈተ ነው!» ልጁ «ጋሼ፣ እናቴ ትሙት፣ ስተኛ እዘጋለሁ» ቢል ማን ሰምቶት። ወሩ ሲያልቅ ሊሰናበት ተወሰነ። ጋራዡ በበኩሉ «ዲናሞ ቀይሩ» አለ። (እኔን ከጠየቃችሁኝ ዲናሞው ቢደክም ኖሮ በስራ ቀንም ያስቸግር ነበር። ቆሞ ሲያድር ብቻ የሚሞት ባትሪ፣ ሌላ የሚበላው አለ።)

እሁድ ጠዋት ቴስተር ይዤ ወረድኩ። አይሱዙው በ24 ቮልት ነው የሚሰራው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች ተያይዘው። ለየብቻ ስለካቸው አንዱ 12.6፣ ሌላው 11.9! መኪናው ራሱ ቢሆን የሚበላው ሁለቱንም እኩል በበላ ነበር። ረዳቱ ጣልቃ ገብቶ «ውሃ የምጨምረው ሁሌ ለዚህኛው ነው» አለ፣ ወደ ጤነኛው እየጠቆመ። ልክ ነው፤ ዲናሞው ሁለቱን አንድ ላይ በ28 ቮልት ገደማ ሲሞላ የተራበው አይጠግብም፣ የጠገበው ግን ከልክ አልፎ ውሃው ይፈላል።

ከዚያ ወደ ቦዲ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ፈትቼ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጌ መሃል አስገባሁት። (በዚህ ሰዓት ቁልፍ የሚያዞር ሰው ካለ የቴስተሩን ፊውዝ ቻው በሉት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።) ሁሉ ነገር ተዘግቶ 0.7 አምፔር! ኮምፒውተር ለሌለው መኪና ይህ ዘረፋ ነው። በ35 ሰዓት ሲባዛ ወደ 25 አምፔር-ሰዓት፣ ያውም ሳይጠግብ ከሚከርም ባትሪ ላይ።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ 0.7። ሁሉም ወጡ፤ 0.7። የዲናሞውን ገመድ ፈታሁ፤ ያው። አባቴ በረንዳው ላይ ቡናውን እየጠጣ ዝም ብሎ ያያል። ሌባው በፊውዝ ሳጥን አያልፍም ማለት ነው። ከዚህ በኋላ መሬት ላይ ተንጋሎ ገመድ መከተል ብቻ ነው የቀረው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሁለቱን ባትሪዎች በሚያገናኘው ገመድ ላይ፣ በናስትሮ የተጠቀለለች ቀይ ቀጭን ሽቦ! ቴፑ ባለ 12 ስለሆነ የገጠመው ሰው ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሰርቆለታል። ከመቀመጫ ስር ያለውን አምፕሊፋየር ማስነሻ ሽቦም እዚያው ላይ አስሮታል፤ ቴፑ ቢዘጋም አምፕሊፋየሩ አይተኛም።

ሽቦዋን ስነቅላት ቴስተሩ ዜሮ ገባ። ረዳቱ ከእኔ ቀድሞ አነበበው።

የተራበውን ባትሪ ለብቻው ቻርጅ አስደረግን። ለቴፑ ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ተገዛ፤ በቁልፍ በሚከፈት ፊውዝ በኩል ገጠምነው። አባቴ ልጁን ይቅርታ አልጠየቀም (በእሱ ትውልድ ይህ ቃል ከመለዋወጫ ይወደዳል)። «ማን ሊያባርርህ ነበር?» ብቻ አለው። ልጁም «ኧረ ማንም፣ ጋሼ» ብሎ ባትሪዎቹን ውሃ ሊጨምር ሄደ።