ለምትዋኚውና ለምትሮጪው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከጓደኛሽ ጋር ጣና ላይ እየዋኛችሁና እየሮጣችሁ ከደሴት ደሴት ልትሻገሩ ማሰባችሁን ስትነግሪን እናትሽ ደነገጠች። እኔ ግን አልከለክልሽም። ዕድሜዬን በዚህ ሐይቅ ላይ ጀልባ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ።

ስዊድን ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. አራት ጓደኛሞች በውርርድ የጀመሩት እንዲህ ያለ የዋናና የሩጫ ጉዞ በ2006 እ.ኤ.አ. ውድድር ሆኖ፣ ዛሬ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደሚጓዙበት ሰምቻለሁ። የወደድኩለት ብቻን የማይገባበት መሆኑን ነው።

አዲስ አበባ ከገባሽ ወዲህ እንጦጦን ስትወጪና ስትወርጂ እግርሽ በርትቷል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ አይከብድሽም። ነገር ግን የሯጭ ትንፋሽ ለውሃ አይበቃም። ሩጫ ላይ ሲደክምሽ ቆም ብለሽ ትተነፍሻለሽ፤ ውሃ ላይ የምትተነፍሺው ክንድሽ ሲፈቅድልሽ ብቻ ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ጫማሽን አድርገሽ ተለማመጂ። ጫማ ውሃ ሲጠጣ እግርን ወደ ታች ይጎትታል፤ ተወዳዳሪዎቹ ጭናቸው መሃል ተንሳፋፊ የሚይዙትም ለዚሁ ነው። ከውሃ ስትወጪ ዘለሽ አትሩጪ። በደረት ተኝቶ የቆየ ሰው ድንገት ሲቆም ራሱ ይዞራል፣ ጉልበቱም ይከዳዋል። መጀመሪያ ተራመጂ፤ እግርሽ ሲመለስልሽ ትሮጫለሽ። የስዊድኖቹ የጎማ ልብስ ግን ለቀዝቃዛ ባሕር የተሠራ ነው፤ እሱን ለብሰሽ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ብትሮጪ ሙቀቱ ይጥልሻል።

ሰው ሁሉ የሐይቁን መሃል ይፈራል። ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። እኔ የምፈራው ዳሩን ነው፤ የናንተ ስፖርት ደግሞ ደጋግሞ ዳር ያስረግጣል። የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው። የበሽታው ትል ፀሐይ ሲበረታ ከቀንድ አውጣው ወደ ውሃው ይለቀቃል፣ ቆዳም በስቶ ይገባል። ስለዚህ በደንገል መሃል አትግቢ፤ ከጀልባ ማቆሚያ ወይም ከጀልባው ላይ ግቢ። በፎጣ ማድረቅ ብቻውን አያድንም፤ ከሁለት ወር በኋላ ሰገራሽን ተመርመሪ፣ ከተገኘብሽ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ጉማሬም ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል በጭራሽ እንዳትሞክሪ። እምቦጭ አረም የተኛበትንም ዳር እለፊው፤ እግር ይይዛል።

ሰዓቱን በደንብ ያዢ። ጠዋት ጣና እንደ መስታወት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ የሞተር ጀልባ እንኳ ይንገላታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ጠዋት ያሳየሽን ፊት አትመኚ። ፀሐይ ወጥታ ጉማሬው ከገባ በኋላ ጀምረሽ ሳይረፍድ ጨርሺ። ባለ ሞተር ጀልባ አጠገባችሁ ይሂድ፤ ታንኳ ቀዛፊዎቹ «ዛሬ አይሆንም» ካሉ አይሆንም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጌ ይሻላችኋል። በቡናው ጫካ ውስጥ ያለው የእግር መንገድ ጥላ አለው፤ ደንገል በሌለበት ዳር ዳሩን አጭር አጭር እየዋኛችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ደጃፍ ስትደርሺ ግን በዋና ልብስ እንዳትታዪ፤ ነጠላሽን ጀልባው ላይ አስቀምጪ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚባሉት የደሴት ገዳማት ለሴት አይፈቀዱምና ከጉዞሽ አውጫቸው።

እንዳትለያዩ ከጓደኛሽ ጋር በገመድ ስትተሳሰሩ ፍጥነታችሁ የደካማው ፍጥነት ነው። ገና ከመነሣታችሁ በፊት ተማማሉ፦ አንዱ «ይብቃን» ካለ ሌላው አይከራከር።

የመንገዱን ጸጥታ ጠይቄ እስክደውልልሽ ድረስ ትኬት አትቁረጪ። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

አባትሽ፣ ከባሕር ዳር