ከትራስ ሥር የተተወ ጉርሻ

የገንዘብ ሰው ነኝ። እንዲህ ስል ባለገንዘብ ማለቴ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የሌላውን ብር ቆጥሮ ማታ ታክሲ የሚሰለፍ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ማለቴ ነው። ስለዚህም ብር እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚቀበሉት ማንም የሚያስተምረኝ አይመስለኝም ነበር። ይህን ትምክሕቴን የሰበረችው አንዲት አልጋ አንጣፊ ናት።

በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቴ ለአምስት ቀን ሥልጠና ወደ ሐዋሳ ላከኝ። ያረፍኩበትን ሆቴል ስም ልተወው። ሐይቁ ቅርብ በመሆኑ ማለዳ ማለዳ እስከ አሞራ ገደል እየሄድኩ ዓሣ አስጋሪዎቹን አይ ነበር። ግጥም ይመጣልኛል ብዬ ነበር፤ አልመጣም። በጉርሻ በኩል ግን ራሴን አላማሁም። ሻንጣዬን ተሸክሞ ደረጃውን ለወጣው ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ቁርስ ለምታቀርብልኝ አስተናጋጅ ከመልሱ ትቻለሁ፤ የበሩን ጥበቃ አባትም «ለሻይ» ብዬ አስጨብጫቸዋለሁ። ሁሉም ፊቴ የቆሙ ሰዎች ናቸው። እኔ በሌለሁበት ገብታ አንሶላዬን የምትቀይረውን፣ መታጠቢያ ቤቱን የምታጥበውን፣ የተበተኑ ወረቀቶቼን አንዲት ሳታጎድል ደርድራ የምታስቀምጠውን ሴት ግን አምስት ቀን ሙሉ አላየኋትም። ስላላየኋትም ረሳኋት።

ትዝ ያለችኝ በመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን ስዘጋ ነው። አንድ ባለ ሁለት መቶ ብር ኖት አጥፌ ትራሱ ሥር አኖርኩና ወጣሁ። ሳልታይ በመስጠቴ ጨዋነት የሠራሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ባጃጁ ሊነሳ ሲል «ጋሼ! ጋሼ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ወጣት ሽርጧን እንደታጠቀች እየሮጠች መጣች፤ ብሩን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጋ ይዛዋለች።

«ረስተውት ነው፤ ትራስ ሥር አገኘሁት» አለች እያለከለከች።

«አልረሳሁትም፤ ላንቺ ብዬ ነው።»

የምትደሰት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ ወደ ሆቴሉ በር ተመለከተች። «እንግዲያው ሪሴፕሽን መጥተው ይንገሩልኝ።» አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ እንዲሁ ክፍል ውስጥ የተተወ ብር ይዛ፣ እንግዳው ከመንገድ ደውሎ «ረስቼ ነው» በማለቱ ከሥራ መባረሯን ነገረችኝ።

አፈርኩ። በእኛ መስኮት ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሚያስጠይቀው ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ትርፍም ያስጠይቃል። ሃምሳ ብር በልጦ ቢገኝ ጎበዝ የሚለን የለም፤ ባለቤቱን እንፈልጋለን፣ ካጣነው እንመዘግበዋለን። ባለቤቱ ያልታወቀ ብር እጅ ላይ ሲገኝ ምን ያህል እንደሚያስፈራ እያወቅሁ፣ ያንኑ ለእሷ ትቼላት ልሄድ ነበር።

ባለባጃጁ እያጉረመረመ ጠበቀኝ። ሪሴፕሽን ላይ ቆሜ ብሩ የእሷ መሆኑን ተናገርኩ፤ ያኔ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ደረሰኜንም እንደገና አየሁት። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ያችን አሥር በመቶ እያየን «ጉርሻው ተከፍሏል» የምንል ብዙ ነን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከደንበኛ የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ያች አሥር በመቶ አንሶላ እስከምትቀይረው ድረስ መዝለቅ አለመዝለቋን ደረሰኙ አይናገርም።

በባጃጁ ውስጥ ሳለሁ ስለ ቃሉ አሰብኩ። ማዕድ ላይ ጉርሻ የሚሰጠው ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ «በሞቴ» እየተባለ ነው። ለወዳጁ የጠቀለለውን ከትራስ ሥር ሸሽጎ የሚሄድ ሰው አላየሁም።

አሁን ሆቴል ስገባ በመጀመሪያው ቀን አልጋ አንጣፊዋን ፈልጌ ስሟን እጠይቃለሁ። ሠራተኞቹ በፈረቃ ስለሚቀያየሩም ለመጨረሻው ቀን ሳላቆይ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እሰጣለሁ። ሳላገኛት የምወጣ ከሆነ ደግሞ ብሩን ጠረጴዛው ላይ አኑሬ «ይህን ክፍል ላጸዳሽልኝ፣ ከምስጋና ጋር» የሚል ወረቀት እጽፋለሁ፤ የክፍሉን ቁጥር፣ የብሩን ልክ በአኃዝና በፊደል፣ ቀኑንና ፊርማዬን ጨምሬ። ባለቤቴ ማኅተም ብቻ ነው የቀረህ እያለች ትስቅብኛለች።