ንብም ትማራለች ወይ?

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ስንመለስ ብዙዎቻችሁ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። እኛም «ጥሩ ነበር» ብለን አልፈናል። ጥሩ ያልነበረውን አንድ ነገር ግን ሳንናገር ቆየን። ዛሬ ልንጽፈው ተነሥተናል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ከእኛ ከአራታችን አልፎ ነገ ጠመኔ የሚይዘውን ሁሉ የሚመለከት መስሎ ታይቶናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተመደብነው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። አንዳችን ሲያስተምር ሦስታችን ከኋላ ተቀምጠን እንመዘግባለን። ያን ዕለት ትምህርቱ ስለ ነፍሳት ነበር። ከመካከላችን አንዱ (ስሙ ይቆየን፤ የሚያውቀው ያውቀዋል) በካርቶን ላይ ንብ ሥሎ፣ ክንፏን በላስቲክ ሠርቶ፣ ተዘጋጅቶ ቀረበ። ስለ አውራዋ፣ ስለ ድንጉላውና ስለ ሠራተኛዋ ንብ አስረዳ። ንብ አበባ ያገኘችበትን ቦታ ለጓደኞቿ በጭፈራ እንደምታመለክት ሲናገር ልጆቹ ማመን አቃታቸው። «አሳየን! አሳየን!» ሲሉት ጊዜም ወገቡን እያወዛወዘ ከሰሌዳው ፊት ሁለት ጊዜ ዞረ። የእኛ እስክስታ በትከሻ ነው፣ የንብ ግን በሆዷ ጫፍ ነው፤ ስለዚህ ትርኢቱ ምን ይመስል እንደነበር መገመት ትችላላችሁ። እስከዚህ ድረስ ትምህርቱ የሠመረ ነበር።

በዚህ መኻል ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። አባቱ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። «ቲቸር፣» አለ፣ «እርሻ ላይ መድኃኒት ሲረጭ መስክ የወጡት ትልልቆቹ ንቦች ያልቃሉ። ትልልቆቹ ካለቁ ለትንንሾቹ ጭፈራውን ማን ያሳያቸዋል?»

ጓዳችን ለአፍታ ቆመና «ንብ እንዳንተ ትምህርት ቤት አትሄድም! ከነጭፈራዋ ነው የምትወለደው፤ በደመ ነፍስ ነው!» ሲል መለሰ። ክፍሉ በሣቅ አውካካ። እኛም ከኋላ የተቀመጥነው ሣቅን። ልጁ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ልምምዳችን እስኪያልቅ በቀሩት ሦስት ሳምንታት እጁን አንድ ጊዜ እንኳ አላወጣም። ያን ጊዜ ልብ አላልነውም። እንዲያውም በመመዝገቢያ ወረቀታችን ላይ «ከርዕሱ የወጣ ጥያቄ በቀልድ አሳልፎ ክፍሉን በሚገባ ተቆጣጥሯል» ብለን ጽፈንለታል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለ።

ጉዱ የወጣው ወደዚህ ከተመለስን በኋላ ነው። የሥነ ሕይወት አስተማሪያችን ስለ እንስሳት ጠባይ ሲያስተምሩን ሰሌዳውን ለሁለት ከፈሉት፤ በአንድ ወገን አብሮ የሚወለድ ጠባይ፣ በሌላው ወገን በትምህርት የሚገኝ ጠባይ። ከዚያም የንብ ጭፈራ በየትኛው በኩል እንደሚጻፍ ጠየቁ። እኛ አራታችን ተሽቀዳድመን «አብሮ የሚወለድ!» አልን። እሳቸው ፈገግ ብለው ጠመኔውን በሁለቱ መኻል በተሰመረው መስመር ላይ አኖሩት፤ በማርች 2023 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ስለወጣ ጥናትም ነገሩን። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) ጥናቱን ፈልገን አገኘንና መዝገበ ቃላት እያገላበጥን ሁለት ምሽት ፈጀንበት።

ጥናቱ ምን እንደሚል ከማውሳታችን በፊት ስለ ጭፈራው ራሱ ጥቂት ማለት ግድ ይላል፤ እኛም ስናስተምር በደንብ አልገባንም ነበርና። የጭፈራውን ትርጉም የፈታው ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ነው፤ በ1973 ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከመስክ የተመለሰች ቀሳሚ ንብ በጨለማው ቀፎ ውስጥ ቀጥ ብሎ በተንጠለጠለው የማር እንጀራ ላይ ሆና ሆዷን እያርገበገበች በቀጥታ መስመር ትሄዳለች፤ ከዚያ ዞራ ትመለስና እንደገና ትጀምራለች፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ። እንግዲህ ፀሐይ የማይታይበት ቤት ውስጥ ናት፤ ስለዚህ «ወደ ላይ» ማለት «ወደ ፀሐይ» ማለት እንዲሆን ተስማምተዋል። መስመሯ ከላይኛው አቅጣጫ በ40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ካዘነበለ፣ አበባው ከፀሐይ በ40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ነው ማለት ነው። የምታርገበግብበት ጊዜ ርዝመት ደግሞ ርቀቱን ይናገራል፤ በግምት አንድ ሴኮንድ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሌሎቹ በጨለማ እየተከተሏት፣ በአንቴናቸው እየዳሰሷት መልእክቱን ይቀበላሉ።

ይህን የምታደርገው አንጎሏ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ ፍጡር ናት። በአንጎሏ ውስጥ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ በሰው አንጎል ውስጥ ያሉት 86 ቢሊዮን ገደማ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ መናቅ ግን ያሳስታል። በ2024 ተመራማሪዎች ከንብም የምታንሰውን የፍራፍሬ ዝንብ አንጎል ሙሉ ካርታ አውጥተው ነበር፤ 140,000 ያህል ሕዋሳትና ከ50 ሚሊዮን በላይ መገናኛዎች ሆነው ተገኙ። የበሰበሰ ሙዝ ላይ የምናባርራት ዝንብ ማለት ናት እኮ!

አሁን ወደ ጥናቱ እንመለስ። ሥራው የተሠራው በቻይና አገር ሲሆን፣ ከመሪዎቹ መካከል ኬን ታንና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ኒ ይገኛሉ። የጠየቁት ጥያቄ ከኋላ ወንበር ከተነሣው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ትልልቆቹ ባይኖሩ ትንንሾቹ እንዴት ይሆናሉ? ቀፎዎች አዘጋጁ። በከፊሎቹ ውስጥ እንደ ተፈጥሮው ወጣትም አሮጌም ንብ ነበር። በሌሎቹ ውስጥ ግን ገና ከእንጀራው የወጡ፣ እድሜያቸው እኩል የሆነ ጨቅላ ንቦችን ብቻ አስገቡ። አንድም የሚያሳይ ታላቅ የላቸውም። ከዚያ አድገው መቅሰም እስኪጀምሩ ጠበቁና የመጀመሪያ ጭፈራቸውን በፊልም ቀረጹት።

ትልልቆች ባሉበት ያደጉት የታላላቆቻቸውን ጭፈራ ጥቂት ቀን ከተከታተሉ በኋላ ገና በመጀመሪያው ቀን በወጉ ጨፈሩ። ታላቅ ያልነበራቸውም ጨፈሩ፤ ይህን መሸሸግ አይገባም፤ ጓዳችን የሰጠው መልስ ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ጭፈራቸው የተዛባ ነበር። አንዱ መስመር ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ ያዘነብላል፤ የሚናገሩት ርቀትም ልክ አልነበረም። እድሜያቸው ጨምሮ ልምድ ሲያገኙ፣ የሌሎችንም ጭፈራ ሲከታተሉ፣ የአቅጣጫው ስሕተት ተሻሻለ። የርቀቱ ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልታረመም።

ይህችን የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብናት።

ርቀቱ ለምን እንዲህ ሆነ ስንል አስተማሪያችን ሌላ የቆየ ጥናት አሳዩን። በ2000 ማንድያም ስሪኒቫሳንና ጓደኞቹ፣ ንቦች ግድግዳው በጥለት በተሸፈነ፣ ስድስት ሜትር ገደማ በሚሆን ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እንዲበሩ አደረጉ። ንቦቹ ተመልሰው ሲጨፍሩ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ የበረሩ ያህል አድርገው ተናገሩ። አያችሁ፣ ንብ ርቀትን የምትለካው በዓይኗ ሥር በሚያልፈው ነገር ብዛት ነው፤ በአውቶቡስ መስኮት ቅርብ ያለው ዛፍ ሲፈጥንብን እንደምናየው። እንግዲህ ሜዳ ላይ የሚኖር ቀፎና ጫካ ውስጥ የሚኖር ቀፎ መለኪያቸው አንድ ሊሆን አይችልም። አጥኚዎቹ እንደሚገምቱት ወጣቷ ንብ ከታላላቆቿ የምትማረው የራሷን አገር መለኪያ ሳይሆን አይቀርም።

የመድኃኒቱም ነገር ቢሆን የልጅ ወሬ አይደለም። በ2012 የወጣ፣ በፈረንሳይ የተደረገ ጥናት፣ የማይገድል መጠን ያለው ቲያሜቶክሳም የተባለ ጸረ ተባይ የቀመሱ ቀሳሚ ንቦች ከፊሎቹ መንገድ ጠፍቷቸው ወደ ቀፏቸው እንዳልተመለሱ አሳይቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 ይህንኑና ሁለት ዘመዶቹን ከቤት ውጭ በሚገኝ ሰብል ላይ እንዳይረጩ ከልክሏል። እኛ ታዲያ ልጁን «ከርዕሱ የወጣ» አልነው!

በዚያ ምሽት በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። ያ ያስተማረው ጓዳችን «ውሸት አልተናገርኩም፣ መጽሐፉም የሚለው እንደዚያ ነው» አለ። አንዳችን «እንኳን የአምስተኛ ክፍል ልጅ እኛም ረስተነዋል፣ ተዉት» አለ። ሌላው ግን «የመልሱስ ይሁን፣ የሣቁስ?» ሲል ጠየቀ። ዝም ተባባልን። መልሱን እኮ ሌላ አስተማሪ ሊያርመው ይችላል። ሣቁን ግን የሣቅነው እኛ ነን። አንድ ልጅ በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ዓመቱ «ጥያቄ መጠየቅ ያስቃል» ብሎ ከወሰነ፣ ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው እንደሚሆን፣ የሚታረመው ወይስ የማይታረመው፣ ማናችንም ለመናገር አልደፈርንም።

ሌላም ነገር ነበር። በ2024 ለንደን ውስጥ አሊስ ብሪጅስና ላርስ ቺትካ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጓደኞቻቸው ጋር በአውሮፓ በሚገኝ ጠጉራም ትልቅ ንብ ላይ ያደረጉትን ሙከራ አግኝተን ነበር። ስኳር ያለበት ሳጥን አለ፤ ለመክፈት ሁለት ነገር በቅደም ተከተል መግፋት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ብቻውን ምንም አያስገኝም። ብቻቸውን የተተዉት ንቦች እስከ 24 ቀን ቢታገሉ አልቻሉም። የሚያውቅ አሳያቸው 15 ንቦች ግን 5ቱ ተማሩ። ያ ጓዳችን ይህን ሲያነብ «ከአሥራ አምስት አምስት! የእኛን የፈተና ውጤት ይመስላል» ብሎ አሣቀን። ከዚያ ግን እሱው ራሱ «ቅዳሜ እንሂድ» አለ። ቅዳሜ ትምህርት እንደሌለ ስናስታውሰው «እንግዲያው ዓርብ» አለ።

የክፍሉን አስተማሪ አስቀድመን ማስፈቀድ ነበረብን። ሃያ ዓመት ያስተማሩ፣ በልምምዳችን ጊዜ ብዙ የረዱን ሰው ናቸው። ነገሩን ስንነግራቸው ፊታቸው አልፈታም። «ልጆች፣» አሉን፣ «ስድሳ ልጅ ፊት ተሳሳትኩ ያለ አስተማሪ ነገ ማን ይሰማዋል? እናንተ ተናግራችሁ ትሄዳላችሁ፤ እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ።» እውነታቸውን ነው፤ የምንመልሰው አልነበረንም። ጥቂት አሰብ አደረጉና «አሥር ደቂቃ። ደወሉ ሳይደወል» አሉ።

ጓዳችን ካርቶኗን ንብ ይዞ ገባ። አንድ ክንፏ ተገንጥሎ ነበር። «ያን ጊዜ ጥያቄ ለጠየቀን ልጅ የሰጠነው መልስ ሙሉ አልነበረም፤ መሣቃችንም ልክ አልነበረም» አለ። ጠመኔ አንሥቶ የሁለቱን ዓይነት ቀፎዎች ሥዕል ሠራ፤ ታላቅ ያላቸው በዚህ፣ የሌላቸው በዚያ። ርቀቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ ጸጥ ብለው ሰሙ፤ ማንም አልሣቀም፣ ማንም አልናቀንም። የክፍሉ አስተማሪ በበሩ በኩል ቆመው ነበር። ልጁ ግን አቀርቅሮ ደብተሩን ያይ ነበር። ጥያቄ ያለው ብንል እጁን አላወጣም። ደወሉ ተደወለ።

ሻንጣችንን ይዘን ከግቢው ልንወጣ ስንል ከኋላችን የሩጫ ድምፅ ሰማን። እሱ ነበር። ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ቲቸር፣ ታላቅ ለሌላቸው ንቦች ከሌላ ቀፎ አንዲት አሮጊት ንብ ብናስገባላቸውስ? ይማራሉ?» አለ። አንዳችን «ዘበኞቹ ባዕድ ናት ብለው አይገድሏትም?» ስንለው «አባቴ በጭስ አደንዝዞ ያስገባል» አለ። ቀጠለና «ደግሞስ እሷ ከሜዳ ቀፎ ብትሆን፣ እነሱ ደግሞ ጫካ ውስጥ ቢሆኑ፣ የማንን ርቀት ነው የሚይዙት?»

በዚህ ጊዜ ማናችንም በቶሎ አልመለስንም። ጓዳችን ደብተሩን አውጥቶ ጥያቄውን ልጁ እንዳለው ቃል በቃል ጻፈው፤ ልጁም ትክክል መጻፉን አንገቱን አስግጎ አየና «አዎ፣ እንደሱ» ብሎ ወደ ጓደኞቹ ሮጠ።

ጥያቄውን ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ለብቻው በቀይ ቀለም ጽፈን ለጥፈነዋል። ከሥሩ ባዶ ወረቀት አለ፤ የሥነ ሕይወት ክፍል አስተማሪዎችም ሆናችሁ እጩ መምህራን፣ የምታውቁት ወይም አንብባችሁ የምታገኙት ካለ በጽሑፍ አኑሩልን። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ወደዚያው ትምህርት ቤት እንመለሳለን፤ የተጻፈውን ይዘንለት እንሄዳለን።