አስፋልት ከመያዛችን በፊት

ሐመድ ኢላ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ፀሐይዋ ሳትበረታ ከፒካፗ ሥር መግባት ነበረብን። ትናንት ከኤርታሌ ስንመለስ ከዶዶም በታች ያለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለማለፍ ሰዓታት ፈጅቶብናል። ሁለት ጊዜ ከሥር ድው ሲል ውስጥ ያለነው ሁሉ ወሬ አቆምን። ከትናንት ወዲያ ደግሞ የአሳሌን ጨው ላይ ነድተናል። ዛሬ በበራህሌ በኩል መቀሌ እንገባለን። ያደርንበት ቦታ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ መቀሌ ከ2000 ሜትር በላይ ናት።

ድንጋይ የጎዳውን መኪና የሚጥለው አስፋልት ነው። እየዳኸ በሚሄድ መኪና ላይ የተላጠ የፍሬን ቱቦ ይችላል፤ የሚፈነዳው በፍጥነት ላይ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ነው። ከዓመታት በፊት ከቱርሚ ስመለስ ደክሞኝ ከሥር ሳላይ አስፋልት ያዝኩ። ከኮንሶ ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። እህቴ ከጎኔ ነበረች። በማርሽና በእጅ ፍሬን ተርፈናል፤ እጇ ክንዴን የጨመቀበት ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሾፌራችን አዛውንት ናቸው። ማታ ከሞተሩ እስከ ኋላው ዲፈረንሻል ድረስ ካርቶን አንጥፈው ነበር። ጠዋት ስበው አወጡና ሰጡኝ።

«አሽትተው፣ ልጄ።»

ከፊት በኩል ደረቅ ነው። ከኋላ የሳንቲም ስፋት ያለው ነጠብጣብ አለ፤ ወፍራም፣ ድኝ ድኝ የሚል። የዲፈረንሻል ዘይት። የፍሬን ቢሆን ቀጠን ያለ ነበር፣ የሞተር ቢሆን የጠቆረ።

ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፈን በጀርባችን ተንሸራተን ገባን። ክሪክ አልነካንም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው። ባትሪ ሳበራ አቧራው ሁሉን ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ አድርጎታል። ስለዚህ ዓይን የሚፈልገው ግራጫ ያልሆነውን ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት የትናንት ጭረት ነው፤ የጠቆረና የረጠበ አቧራ ዘይት አለበት። የዲፈረንሻሉ ማፍሰሻ ቡሎን ሁለቱም ነበረበት። ጋሼ በቁልፍ አጠበቁት፤ ከዚያ የመሙያውን ፈተው ጣታቸውን ከተቱ። ዘይቱ ደረሰላቸው፤ መልኩም ንጹሕ ነው። ውሃ ገብቶበት ቢሆን እንደ ወተት ይነጣ ነበር።

የፍሬን ቱቦዎቹን እኔ ነኝ ያየሁት፣ እያንዳንዱን በጣቴ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ደህና ናቸው። ክሮቸራውም አይነቃነቅም።

ባሌስትራው ላይ ስንደርስ ጋሼ ዝም አሉ። የግራ ኋላ ሁለተኛው ቅጠል ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አለች። ጥፍሬን ሳሳልፍባት ያዘችኝ።

«ጭረት ይሆናል» አልኩ።

«ጭረት ጠርዙ ላይ ያቆማል። ይቺ ጎኑን ዞራ ሄዳለች።»

በባትሪው ተከተልኳት። እውነት ነው፤ ዞራለች።

የውሃ ጀሪካኖቹንና ድንኳኑን አብሮን ወደሚጓዘው ሌላ መኪና አሻገርን፤ ኋላ ከተቀመጡት ሁለቱ አብረው ሄዱ። ዳገቱን በዝግታ ወጣን፤ እያንዳንዷ ጉድጓድ ላይ ጋሼ እግራቸውን ያነሡ ነበር። ቅር ያለው ሰው አልነበረም፤ መስመሯን ሁሉም ተንበርክኮ አይቷታል።

መቀሌ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። ጋራዥ ውስጥ ባሌስትራው ተፈቶ ወረደ። ስንጥቁ የቅጠሉን ውፍረት ከግማሽ በላይ በልቶታል። ጋሼ ብረቱን ገልበጥ አድርገው አዩትና ምንም ሳይሉ ለመካኒኩ መለሱለት።

አሁን እጥበት ላይ ነን። ጨው ከላይ ቢታጠብም ሻንሲው ውስጥ ይቀራል፤ ብረቱን የሚበላው እዚያ ተቀምጦ ነው። አጣቢው ልጅ የውሃ ቱቦውን በሻንሲው ቀዳዳ ሰዶ ቆይቷል። መጀመሪያ ጭቃ ወጣ፣ ቀጥሎ ደፍራሽ ውሃ፣ አሁን ጥርት ብሏል። ጠብታውን በጣቴ ተቀብዬ ቀመስኩት። ጨው ነው።

«ጨምርበት» አልኩት።